የጋሽ ላሬቦ አፍ ነበርኩ

ይህን ነገር ሰምቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ሚስቴ አልሰማችም፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት አንድ ትራስ ስንጋራ አልነገርኳትም። ልጆቼም አልሰሙም። አብረውኝ ያገለገሉት ሽማግሌዎች ግማሾቹ ሞተዋል፤ በእያንዳንዳቸው ቀብር ላይ ቆሜ ጸልያለሁ፣ ይህን ግን አልተናገርኩም። ለጌታ ነግሬዋለሁ እንዳልል እሱንም በደፈናው «ኃጢአቴን ይቅር በል» እያልኩ ነው የሸነገልኩት። ስም ሳልጠራ፣ ያደረግኩትን ሳልጠራ። እንግዲህ አንተ የምታነበው፣ ማንም ሁን ማን፣ የመጀመሪያው ሰሚ ነህ። እንዳታዝንልኝ። «ጊዜው ክፉ ነበር» እንዳትለኝም። የጊዜውን ክፋት ከአንተ የተሻለ አውቀዋለሁ። እኔ የምናገረው ግን ስለ ጊዜው ሳይሆን ስለ ራሴ ነው።

ታደሰ እባላለሁ። በደርግ ዘመን ከጊምቢቹ የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። እዚያው መንደር ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ጸሎት ቤት ነበረን። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ላሬቦ ነበር፤ ገበሬ፣ ረጅም፣ ሲጸልይ ዓይኑን የማይጨፍን ሰው። ወንዝ ወርዶ ያጠመቀኝ እሱ ነው። የሚናገረው ሀዲይኛ ብቻ ነበር፤ አማርኛ አያውቅም። «እንደምን ዋላችሁ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የለም።

እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ነበርኩ። በእኛ አገር ጸሎት ቤት ያላደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ከሆሳዕና ወይም ከአዲስ አበባ ሰባኪ ይመጣል፣ በአማርኛ ይሰብካል። አስተርጓሚው ከጎኑ ይቆማል፤ አንድ አረፍተ ነገር ሰባኪው፣ አንድ አረፍተ ነገር አስተርጓሚው። ሕዝቡ የሚያየው አስተርጓሚውን ነው። ሰባኪው «እኔ» ሲል አስተርጓሚውም «እኔ» ይላል እንጂ «እሱ እንዲህ አለ» አይልም። መጨመር የለም፣ መቀነስም የለም። አንድ ጊዜ አንድ ሰባኪ ሽማግሌዎቹን ክፉኛ ሲገስጽ እኔ አፍሬ አለዝቤ ተረጎምኩት። ጋሽ ላሬቦ ከጉባኤ በኋላ ጠራኝና «ያ ሰውዬ ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ አንተ ለምን ፈገግ አልክ? ስድብም ከሆነ እንደ ስድብነቱ ስጠን» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አላጎደልኩም። ሰዎቹም ስላወቁ «የጋሽ ላሬቦ አፍ» ይሉኝ ጀመር፤ እሱ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሲኖረው እኔ ነበርኩ የምናገርለት።

ከዚያ ጸሎት ቤታችን ታሸገ። ወንበሮቹን አውጥተው የስብሰባ አዳራሽ አደረጉት። «መጤ ሃይማኖት»፣ «የኢምፔሪያሊዝም ቅጥረኞች» ተባልን። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ይጠሩ ጀመር።

የመጀመሪያው ካጂ እኔ ነኝ። ይህ ይታወቅልኝ። ማንም ሳይገርፈኝ፣ ማንም ሳያስረኝ። ካድሬው ከሌላ አገር የመጣ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ነበር። ቢሮው ጠርቶ ወንበር ሰጠኝ፤ «ጓድ መምህር፣ ማስተማር ነው የምትፈልገው ወይስ መዘመር?» አለኝ። ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። እኔም ጻፍኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሃይማኖት ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት እንደሌለኝ በፈቃዴ አረጋግጣለሁ።» አንድ ፊደል ስለተበላሸብኝ ሰርዤ እንደገና አሳምሬ ጻፍኩት፤ እስቲ አስበው፣ ጌታዬን ስክድ እንኳ የእጅ ጽሑፌ እንዳይነቀፍ ተጠንቅቄ ነበር! ካድሬው አጣጥፎ ማኅደር ውስጥ ከተተው። «ይህ በእኔና በአንተ መሀል ይቀራል። አንተ ደግሞ በቋንቋ ታግዘናለህ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ምእመናኑ ምን ያውቃሉ? በየምርመራው አስተርጓሚ ሆኜ ስገባ ሲያዩ ተደሰቱ። «ጌታ የራሳችንን ሰው ውስጥ አስገባልን» ተባባሉ። የጋሽ ላሬቦ ሚስት ሐና ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። በላሁት። ዓይኔን በጨው አጥቤ በላሁት።

ጋሽ ላሬቦን ሲያመጡት ከታሰረ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ውስጥ እግሩን ገርፈውት በተረከዙ እየረገጠ ገባ። እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። ይህን እንዴት ልርሳው? ዘመድ ያገኘ ሰው ነበር የሚመስለው። ካድሬው ጠረጴዛው ላይ ያንኑ ማኅደር ዘርግቷል፤ የእኔ ወረቀት እዚያ ውስጥ ናት። «ንገረው» አለኝ፤ «ሃይማኖቱን ትቻለሁ ካለ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። አልተውም ካለ ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ እኔም አላውቅም።» በሀዲይኛ ነገርኩት፤ ይህንን በትክክል ነገርኩት።

እሱም መለሰ። አልጮኸም። «ጸሎት ቤቱን ወስዳችኋል፤ እግሬንም እንደፈለጋችሁ አድርጋችሁታል። ጌታዬን ግን አልክድም። ሽማግሌ ነኝ፣ ከእንግዲህ ሌላ ጌታ አልለምድም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «በል እንዳልኩት ስጠው» አለኝ።

አሁን በእኔ ተራ ነው። አስተርጓሚ «እኔ» ብሎ ነው የሚናገረው ብዬሃለሁ። በራሴ አፍ፣ በራሴ ድምፅ «እኔ ጌታዬን አልክድም» ማለት ነበረብኝ። ለዚያ ካድሬ፣ በዚያ ማኅደር ፊት! አልቻልኩም። ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ቅንድቡን ሲያነሳ ታየኝ። ለዓመታት ለራሴ «ለሽማግሌው አዝኜ ነው፣ ከሞት ላድነው ብዬ ነው» እል ነበር። ውሸት! ያዳንኩት እሱን አይደለም። አንዲት አረፍተ ነገር መናገር አፍሬ ነው። እናም አፌን ከፍቼ «ተሳስቻለሁ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ከእንግዲህ ከዚህ ሃይማኖት ጋር ግንኙነት የለኝም» አልኩ።

ከእፍረቱ ሥር ሌላም የባሰ ነገር ነበር። ብቻዬን ካጂ ሆኜ መቅረት አልፈለግኩም። ያጠመቀኝ ሰው ከእኔ በላይ ቆሞ ሳየው ጠላሁት። አዎ፣ በዚያች ደቂቃ ጋሽ ላሬቦን ጠላሁት።

ካድሬው ተገረመ። ወረቀቱን ራሴው እንድጽፍ አደረገኝ። ጽፌ ስጨርስ ጋሽ ላሬቦ «ምንድን ነው?» አለኝ። «የመፈቻ ወረቀት ነው፤ ዕድሜህን አይቶ ምሮሃል» አልኩት። «እንዳልኩት ነገርከው?» አለኝ። «እንዳልከው» አልኩት። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። እስከ በሩ ደግፌው ወጣሁ፤ በመንገድ ሁሉ ጌታን እያመሰገነ ነበር። ሳልክደው አስፈታኝ ይል ነበር፣ ክንዴን ጨብጦ።

በሚቀጥለው ሳምንት ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። እሱ እግሩ አብጦ ቤት ተኝቷል። ካድሬው ወረቀቱን ሰጠኝና በሁለቱም ቋንቋ እንዳነበው አዘዘኝ። አነበብኩ። «እኔ ላሬቦ…» ብዬ ጀመርኩ፣ በሀዲይኛ፣ ጥርት አድርጌ። ሐና ሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ምእመናኑ አንገታቸውን ደፉ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ቤተ ክርስቲያን ብትታሸግም ሥርዓቷ አልታሸገም። የካደ ሰው ሽማግሌዎች ፊት ይቆማል፣ ይናዘዛል፣ እስኪመለስም ከጌታ እራት ይታገዳል። የተሰበሰብነው በገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ሁሉ ጊምቢቹ ሲወርድ ማንም እንዳይጠረጥረን ከእንሰት ጓሮ ኋላ ባለ የአንድ ሽማግሌ ቤት። ሦስት ሽማግሌዎች፣ እኔ እንደ ጸሐፊ፣ ጋሽ ላሬቦ ደግሞ ዱላውን ተደግፎ። ጠየቁት። «አልካድኩም» አለ። «ወረቀቱ ተነቧል፣ ጣትህ አለበት» አሉት። «ወረቀቱ ምን እንደሚል አላውቅም። እኔ አልክድም ነው ያልኩት። ይኸው ታደሰ አለላችሁ፣ አፌ እሱ ነበር፣ እሱን ጠይቁት» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ካድሬ የለ፣ ጅራፍ የለ፣ ማኅደር የለ። አራት የሚወዱኝ ሰዎች ብቻ። አሁንስ ምን ያስፈራኛል? እውነቱን ብናገር ኖሮ እሱ በክብር ይነሳ ነበር፤ የእኔም ወረቀት ይወጣ ነበር። ይኸው ነው ሚዛኑ። አንድ ሰው አለመካዱን ይዞ መኖሩ በአንድ ወገን፣ የእኔ ስም በሌላው። ስሜን መረጥኩ። «እኔ ያለውን ነው የተረጎምኩት» አልኩ።

ጮሆ ቢሰድበኝ፣ በዱላው ቢለኝ ምን ነበረበት! እሱ ግን ፊቴን አየ። ግንባሩ ተቋጠረ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «ታደሰ አይዋሽም» አላቸው። «አንድ ቃል አያጎድልም፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ከሕመሙ ብዛት ምናልባት አፌ ሌላ ተናግሮ ይሆናል። እንዲህ ካልኩማ ክጃለሁ» አለ። ከዚያ ተንበረከከ። ወይኔ! ከራሱ ጆሮ ይልቅ እኔን አመነ።

ስድስት ወር አገዱት። በየቤቱ ተደብቀን ስንሰበሰብ በሩ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ እንጀራው ሲዞር እሱን አልፎ ይሄዳል። የሚያዞረው ማን ይመስልሃል? እኔ ነበርኩ። በፊቱ አልፌ አውቃለሁ፣ ጉልበቱን ላለመንካት እየተጠነቀቅኩ።

ስድስቱ ወር ሲያልቅ «ተፈትተሃል፣ ተመለስ» አሉት። እምቢ አለ። «ምን ብዬ እንደካድኩ ሳላስታውስ ንስሐዬ እንዴት ይሞላል?» አላቸው። ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ እየመጣ ይለምነኝ ጀመር። «ልጄ፣ ምን ነበር ያልኩት? ቃሉን ንገረኝ። ቃሉን ካወቅኩት ጌታ ፊት አነሳዋለሁ።» አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስተኛ ቀን መጣ። እኔም ነገርኩት። ያ የእኔን ፈጠራ በሀዲይኛ፣ ቃል በቃል ነገርኩት፤ ራሱ እንዳስተማረኝ ሳላጎድል። አጥሩን ይዞ እየደጋገመ አጠናው። በሚቀጥለው እሑድ ተነስቶ እኔ የፈጠርኩትን ቃል እያነሳ እያለቀሰ ሲናዘዝበት ሰማሁት። አብረውት አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሰው ያየው እንባዬን ነው፤ ሲያጽናኑኝ ሁሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጌታን እራት አልወሰደም። ይዘውለት ሲመጡ «ይለፈኝ» ይል ነበር። ሁለት ክረምት እንዲሁ ኖሮ ሞተ። ቤተ ክርስቲያን ሳትከፈት፣ ካጂ ነኝ ብሎ ሞተ። የሕይወት ታሪኩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «በፈተና ቢወድቅም በንስሐ ተመልሷል» ብዬ ጽፌ አነበብኩ። ለቀስተኛው አሜን አለ።

ከዚያማ ደርግ ወደቀ፣ ጸሎት ቤቶች ተከፈቱ። የእኔን ማኅደር ማን ያውቃል የት እንደገባ፤ ተቃጥሎ ይሆናል፣ አይጥ በልቶት ይሆናል። እኔ ሆሳዕና ገባሁ፣ ሽማግሌ ተባልኩ። በስደቱ ጊዜ ከጸኑት አንዱ ነው አሉኝ። አላስተባበልኩም። ይባስ ብዬ የእውነት ጠበቃ ሆንኩልህ! ዛሬ በየመድረኩ ጌታ ያላለውን «ጌታ እንዲህ አለ» የሚሉትን ወጣት ነቢያት አይቼ ደሜ ይፈላል። ተነስቼ እገስጻለሁ። «እግዚአብሔር ያላለውን በአፉ ማድረግ እንዴት ያለ ድፍረት ነው?» ብዬ ጠረጴዛ እደበድባለሁ። ሰው ያጨበጭባል። እኔን ብሎ ገሳጭ! እነሱ በውሸታቸው መኪና ገዙበት ብዬ እሳደባለሁ፤ እኔ በውሸቴ ያገኘሁት ምንድን ነው? አንቱታ፣ የፊት ወንበር፣ ስገባ ሰው የሚነሳልኝ ሽማግሌነት። ከእነሱ የምለየው ዝግ ብዬ በመዋሸቴ ብቻ ነው። እነሱን ስሰድብ የኖርኩት ራሴን መስደብ ስለፈራሁ ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት የጋሽ ላሬቦ ልጅ ማርታ ቤቴ መጣች። ጃጁራ ገበያ እህል የምትነግድ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ወጣት ሳለች ከሺንሺቾ ሊያጯት የመጡ ሰዎች የአባቷን ነገር ሲሰሙ «የካጂ ልጅ» ብለው ተመልሰዋል፤ ያኔም አውቅ ነበር፣ ያኔም ዝም አልኩ። እናቷ ሐና ሞታባት ነው የመጣችው። ተቀምጣ እጇን እያፍተለተለች «መምህር፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የነበሩት» አለችኝ። «አንድ ነገር ይንገሩኝ። አባቴ ከመካዱ በፊት ብዙ ገርፈውት ነበር? እማዬ እስክትሞት ይህን ስትጠይቅ ኖረች። ብዙ ከገረፉትማ ሰው ነው፣ ምን ያድርግ።»

ካድሬው የለም። ሽማግሌዎቹም የሉም። የቀረን እሷና እኔ ብቻ ነን። እግሩ ወደ መቃብር የቀረበ ሰውዬ ነኝ፤ ከእንግዲህ የምፈራው ምን አለ? «አዎ ልጄ፣ በጣም ገርፈውት ነበር» አልኳት። «ከመካዱ በፊት» ያለችውን ሳላርም። ደስ አላት። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። እኔም አልከለከልኳትም።

ስለዚህ ይህን የድሮ ኃጢአት ብለህ አትለፈው። ድሮ አይደለም። አምና ነው። በየዓመቱ፣ በየእሑዱ፣ ሰው «አንቱ» ባለኝ ቁጥር ሳደርገው ኖሬያለሁ። እኔ ዋሸሁ። እኔ አንድን የታመነ ሰው ራሱን እንዳያምን አደረግኩት። ካድሬው ሊያስክደው ያልቻለውን ሰው እኔ በጌታ ፊት ካጂ ነኝ አሰኘሁት። ለዚህ ምን ሰበብ ይገኝለታል? ቢገኝስ ለምን እፈልገዋለሁ? ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ አንተን አልለምንም፤ አንተን አልበደልኩም። የሚምረኝ ሰው መሬት ውስጥ ነው።

ማክሰኞ ጃጁራ እሄዳለሁ። ማርታን አስቀምጬ አባቷ ያለውን፣ ያንኑ፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ በሀዲይኛ እነግራታለሁ። ብታባርረኝ መብቷ ነው። ድንጋይ ብታነሳም ቆሜ እቀበላታለሁ። በሩን ከዘጋችብኝ ደግሞ ደጇ ላይ ቆሜ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ገበያተኛው ሁሉ እስኪሰማ እጮሃለሁ፦ ማርታ፣ አባትሽ አልካደም። የካድኩት እኔ ነኝ።